የሥዕል ተማሪ በፓሪስ ቀኑን እንዴት ያሳልፋል?

ካገራችን ወደ ኤውሮፓ ለትምህርት የሄደ ሰው ሲመለስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ምን ተምረህ መጣህ?» ተብሎ ነው። ሕክምና ወይም ምሕንድስና ያጠና እንደ ሆነ መልሱ አጭር ስለሚሆን ጠያቂው ወዲያው ይረካል። ሥዕል የተማረው ግን መልሱን ገና ሳይጨርስ «ሥዕልማ ባገራችን መቼ ጠፋና! ለዚህ ብለህ ነው ይህን ያህል ዓመት በሰው አገር የተቀመጥኸው?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ይከተለዋል። ይህ አነጋገር ፌዝ ቢመስልም ውስጡ ቁም ነገር አለው። አንድ ቤተ ሰብ ልጁን ወደ ውጭ አገር የሚልከው ጥሪቱን አራግፎ ነው፤ መንግሥትም ቢሆን ላንዱ የትምህርት ወጪ የሚሰጠው ከሌላው ቀንሶ ነው። ስለዚህ ጠያቂው መልስ ይገባዋል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ የሥዕል ተማሪ ከጧት እስከ ማታ የሚውልበትን ሥራ በመግለጽ ለዚሁ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው። የሥዕል ተማሪ ትምህርት በምስክር ወረቀቱ ላይ ከሚነበበው ይልቅ በየዕለቱ አዋዋሉ ይታወቃልና። ስለ ኤውሮፓ ከተሞች ሁሉ ለመናገር ቦታው ስለማይበቃ፣ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሥዕል ተማሪዎች መሰብሰቢያ የሆነችውን ፓሪስን መርጠናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በኤውሮፓ አቆጣጠር፣ ወሮቹና ሰዓቶቹ ግን በኛ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

ስለ ብርሃን

ካገራችን የሄደ የሥዕል ተማሪ በመጀመሪያው ክረምት የሚቸገረው በብርድ ብቻ አይደለም፤ በብርሃን እጦትም ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች የቀኗ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም። ባጠረ ጊዜ 11 ሰዓት ተኩል ያህል፣ በረዘመ ጊዜ 12 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በፓሪስ ግን በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው ወደ 3 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ማታ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ቀኑ በጠቅላላው 8 ሰዓት ከሩብ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። በሰኔ አጋማሽ ደግሞ 16 ሰዓት ያህል ይረዝማል።

ለሕግ ወይም ለታሪክ ተማሪ ይህ ልዩነት ብዙ ችግር አያመጣበትም፤ መብራቱን አብርቶ ያነባል። ሠዓሊ ግን ቀለምን በመብራት አይቶ ቢቀባ ጧት ሲነሣ ሌላ ሥዕል ያገኛል። ወደ ቢጫ በሚያደላ መብራት ሥር ሰማያዊና ወይን ጠጅ ቀለም ይደበዝዛል፤ በነጭ ላይ የተቀባ ቢጫም ጨርሶ የማይታይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ተማሪው በክረምት ቀኑን እንደ ስንቅ ቆጥቦ ይከፋፍለዋል። የቀለሙን ሥራ በቀትር ዙሪያ ላሉት ጥቂት ሰዓቶች ያደርግና፣ በከሰልና በእርሳስ የሚሠራውን፣ የአካል ጥናቱንና የመጻሕፍት ቤቱን ሥራ ለማታው ይተወዋል።

የፓሪስ ጥንታውያን የሥዕል ክፍሎች ትልልቅ መስኮታቸው ወደ ሰሜን የሚመለከትበት ምክንያትም ከዚሁ ጋራ የተያያዘ ነው። በዚያ አገር ፀሐይ በቀን የምትዞረው በደቡብ በኩል ስለ ሆነ በሰሜን መስኮት ጮራዋ በቀጥታ አይገባም፤ የሚገባው ከሰማይ የተንጸባረቀው የረጋ ብርሃን ነው። በዚህ ምክንያት በሚሣለው ሰው ፊት ላይ ያረፈው ጥላ ከጧት እስከ ማታ ቦታውን ብዙ አይለቅም። ተማሪው ይህን እንደ ሕግ አጥንቶ አዲስ አበባ ተመልሶ የሰሜን መስኮት ቢያስከፍት ግን ያልጠበቀው ነገር ያጋጥመዋል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ በአዲስ አበባ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነውና፣ ደመና በሌለበት ቀን ጮራው በዚያው መስኮት ሊገባበት ይችላል። እንግዲህ ከፓሪስ ይዞት መምጣት የሚገባው «መስኮት ወደ ሰሜን ይሁን» የሚለውን ደንብ ሳይሆን «ብርሃኑ የረጋ ይሁን» የሚለውን ምክንያት ነው። ይህ ልዩነት ከዚህ በታች በምንገልጸው በእያንዳንዱ ነገር ውስጥ እየተመላለሰ ይገኛል።

ስለ ማደሪያ ክፍል

በፓሪስ በ19ኛው መቶ ዓመት የተሠሩት ትልልቅ ቤቶች ከጣራቸው ሥር ለቤት ሠራተኞች ማደሪያ የተሠሩ ጠባብ ክፍሎች አሏቸው። ዛሬ ከነዚህ ክፍሎች ብዙዎቹን የሚከራዩዋቸው ተማሪዎች ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሚገኙት በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ፎቅ ላይ ሲሆን፣ መውጫቸው በጓሮ በኩል ያለው ጠባብ ደረጃ ነው፤ መጸዳጃውም በብዙ ቦታ የጋራ ነው። በ2002 በወጣው ደንብ መሠረት ለመኖሪያ የሚከራይ ክፍል ስፋቱ ከ9 ካሬ ሜትር፣ ቁመቱም ከ2 ሜትር ከ20 ሳንቲም እንዳያንስ ተወስኗል። ዘጠኝ ካሬ ሜትር ማለት በየጎኑ ሦስት ሜትር ነው፤ አልጋ፣ ጠረጴዛና የልብስ ሣጥን ከገቡበት በኋላ ሸራ ዘርግቶ ወደ ኋላ እየራቁ ለማየት ቦታ አይተርፍም። ከ1925 ጀምሮ በከተማይቱ ደቡብ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች መንደር የተሻለ ማደሪያ ቢሰጥም፣ ቦታ የሚፈልገው ሰው ከቦታው ቁጥር እጅግ ይበልጣል።

የክፍሉ ጥበት የሥዕሉን ዓይነት ጭምር ይወስናል። የዘይት ቀለም የሚበጠበጠው በአብዛኛው በተልባ ዘይት ነው። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ውስጥ ኦክስጅን እየሳበ ቀስ በቀስ ይጠጥራል እንጂ። ስለዚህ ስስ ቀለም እንኳ ለመድረቅ ቀናት ይፈጅበታል፤ ወፍራሙ ከዚያ ይብሳል። የማቅጠኛው የተርፐንቲን ሽታ ደግሞ ራስን ያማል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከርሱ ጋራ ማደር ለጤና አይበጅም። በነዚህ ሁለት ምክንያቶች ተማሪው የዘይት ቀለሙን በትምህርት ቤት ይተውና በማደሪያው በቀለም ብዕር፣ በእርሳስና በውሃ ቀለም በወረቀት ላይ ይሠራል። ዘይት እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ስለ ሆነም፣ ባንድ ጊዜ ሦስት አራት ሸራ ጀምሮ በየተራ መሥራትን ይለምዳል።

ደንቡም ከዚሁ ይመጣል፤ ዘይት የበዛበትን ቀለም ዘይት ባነሰበት ላይ እንጂ ዘይት ያነሰበትን በበዛበት ላይ አትቀባ ይባላል። ምክንያቱ ከሥር ያለው ገና እየተንቀሳቀሰ ሳለ ከላይ ያለው ቀድሞ ቢደርቅ ሥዕሉ ስለሚሰነጠቅ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ተልባ ባልራቀበት አገራችን ቀለሙን ራሱ ሲበጠብጥ አይሳሳትም።

በሥዕሉ ክፍል ውስጥ

ፈረንሳዮች የሠዓሊ መሥሪያ ክፍልን «አቴልየ» ይሉታል። የቃሉ ትርጉም ግን ከክፍሉ ይሰፋል፤ ባንድ መምህር ዙሪያ የተሰበሰቡት ተማሪዎች ማኅበርም አቴልየ ይባላል። የፓሪስ የሥነ ጥበብ ከፍተኛ ትምህርት ቤት በ1648 ከተመሠረተው ከንጉሡ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ አካዳሚ የወረደ ሲሆን፣ በሴን ወንዝ ግራ ዳር በቦናፓርት መንገድ ይገኛል። በ19ኛው መቶ ዓመት መምህሩ የተማሪዎቹን ሥራ ለማረም የሚመጣው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ነበረ። በቀሩት ቀኖች ክፍሉን የሚያስተዳድረው ተማሪዎቹ ከመካከላቸው የመረጡት አለቃ ነበረ፤ መዋጮውን ሰብስቦ ሞዴሉን የሚቀጥረውም እርሱ ነው። አዲስ ገቢው ተማሪ ለቀደሙት ይላላካል፤ እየተቀለደበትም ይታገሣል። ስለዚህ አብዛኛው ትምህርት ከመምህሩ ሳይሆን ከጐን ከተቀመጠው ጓደኛ ሸራ የሚቀሰም ነበረ። ዛሬ ተማሪው አምስት ዓመት ይማራል፤ መምህሩን ራሱ ይመርጣል፤ ከሥዕልና ከቅርጻ ቅርጽም ሌላ ፎቶግራፍና ቪዲዮ ይሠራል። ሆኖም በመምህር ዙሪያ የመሰብሰቡ ልማድ አልጠፋም።

ከዚህ ትምህርት ቤት በር የተመለሰ ሁሉ ሠዓሊ አይሆንም ማለት አይደለም። ታላቁ ቀራጺ ሮዳን ሦስት ጊዜ ተፈትኖ ሦስቱንም ጊዜ አልተቀበሉትም። ለአሸናፊው ተማሪ ሮማ ሄዶ የመማር ዕድል ይሰጥ የነበረው የሮማ ሽልማት ውድድርም ከ1663 ጀምሮ ቆይቶ በ1968 ቀርቷል።

ባገራችን ወሬው ሲሰማ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር የራቁት ሞዴል ነው። ነገሩን እንደ ሆነው መግለጽ ይሻላል። ሞዴሉ ወንድ ወይም ሴት፣ ሽማግሌ ወይም ወጣት ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ደመወዝ የሚከፈልበትና አድካሚ ነው። በረጅሙ አቋቋም 45 ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ 15 ደቂቃ ያህል ያርፋል። ዕረፍቱ ሲያልቅ በዚያው ቦታ እንዲቆም እግሩ ያረፈበት ወለል በጠመኔ ይከበባል። በአጫጭሩ ልምምድ ደግሞ አቋቋሙ በየአምስት፣ በየሁለት ወይም በየአንድ ደቂቃው ይለዋወጣል፤ ተማሪውም እጁ ከዓይኑ ጋራ እንዲሮጥ ይገደዳል። በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ከሰል በወረቀት ላይ ሲንኳኳ ነው እንጂ ቀልድና ሣቅ አይደለም። ከዚሁ ጋራ የአፅምና የጡንቻ ትምህርት ስለሚሰጥ፣ ተማሪው ከቆዳ ሥር ያለውን ነገር እያሰበ ይሥላል። ፈረንሳዮችም ቢሆኑ በዚህ ጉዳይ ዘመን የፈጀ ክርክር ነበራቸው፤ ሴቶች ወደዚህ ትምህርት ቤት እንዲገቡ የተፈቀደው በ1897 ነው። ከዚያ በፊት ሥዕል የሚማሩ ሴቶች ገንዘብ ከፍለው ይሄዱ የነበረው በ1868 እንደ ተመሠረተው እንደ ዡልያን አካዳሚ ወዳሉት የግል ትምህርት ቤቶች ነበረ።

ላገራችን ልጅ ግን ከሞዴሉ ራቁትነት ይልቅ የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ቅዱሳንን ሁለት ዓይናቸው እንዲታይ በሙሉ ፊት፣ ርኩሳንን ደግሞ ባንድ ዓይን በጎን መሣል ልማዳቸው ነበረ። ይህን እያየ ያደገ ሰው ፊት በየት በኩል እንደ ዞረ ሲያይ የሰውየውን ጠባይ ያነባል። በአቴልየ ውስጥ ግን ሞዴሉ በመካከል ቆሞ ተማሪዎቹ ይከቡታል፤ ላንዱ ሙሉ ፊት የሆነው ለሌላው ጎን፣ ለሦስተኛው ጀርባ ይሆናል። ሁሉም የሚሥለው ከተቀመጠበት ሆኖ የሚያየውን ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን ተማሪው ያገሩ ሥዕል ስሕተት ነበረ ብሎ እንዳያስብ መጠንቀቅ አለበት። ያገራችን ሠዓሊ ፊትን የሚያዞረው ትርጉም ለመስጠት ነው፤ የፓሪሱ ተማሪ የሚያዞረው ወንበሩ ያለበት ቦታ ስለ ወሰነበት ነው። ሁለቱን ለይቶ ያወቀ ሰው በሁለቱም ሊጠቀም ይችላል።

በእርማት ጊዜ የቋንቋውም ነገር አለ። በመጽሐፍ ፈረንሳይኛ የተማረ ሰው «ቫለር» ማለት ዋጋ መሆኑን ያውቃል። መምህሩ «ቫለሩ ተበላሽቷል» ሲለው ግን የሚናገረው ስለ ጥቁረትና ስለ ንጣት ደረጃ ነው፤ ይኸውም ቀለሙ ምንም ይሁን ምን፣ አንዱ ቦታ ካንዱ ምን ያህል ይጨልማል ለማለት ነው። መድኃኒቱ ዓይንን ጨፈን አድርጎ ማየት ነው፤ እንዲህ ሲሆን ዝርዝሩ ጠፍቶ ብርሃንና ጨለማው ብቻ ይቀራል።

በሙዚየም ውስጥ

የሥዕል ተማሪ ሙዚየም የሚሄደው እንደ ጐብኚ ለመዞር ብቻ አይደለም፤ ለመቀመጥም ነው። የሉቭር ሙዚየም በ1793 ለሕዝብ ከተከፈተ ጀምሮ ሠዓሊዎች እየገቡ የታላላቆቹን ሥራ እንዲገለብጡ ይፈቅዳል። ፈቃድ ያገኘው ሰው በጧቱ ክፍለ ቀን ገብቶ ሙዚየሙ በሚያውሰው የሸራ ማቆሚያ ይሠራል። ግልባጩ ከዋናው ጋራ እንዳይምታታ ሁለት ጥብቅ ሕጎች አሉ፤ መጠኑ ከዋናው ባንድ አምስተኛ ማነስ ወይም መብለጥ አለበት፣ የዋናው ሠዓሊ ፊርማም አይገለበጥም።

«ፈረንጅ የፈጠራ ነጻነትን ያስተምራል፤ እኛ ግን መገልበጥ ብቻ ነው የምናውቀው» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያዩ ይገረሙ ይሆናል። በማኅሌትና በቅኔ ቤት ዙሪያ ያደገው የኛ የሥዕል ተማሪ የመምህሩን ሥራ እየተከተለ እንደሚማር ሁሉ፣ የፓሪሱም ተማሪ በመገልበጥ ይጀምራል። ልዩነቱ ከተገለበጠ በኋላ በሚሆነው ነገር ላይ ነው። ለምሳሌ የማቲስን ታሪክ እንመልከት። ማቲስ በጉስታቭ ሞሮ ክፍል ተማሪ ሳለ መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ሉቭር እየላከ ያስገለብጥ ነበርና፣ በ1893 የሆላንዱን ሠዓሊ የደ ሄምን ፍራፍሬና የገበታ ዕቃ የተደረደረበትን ሥዕል ገለበጠ። ከ22 ዓመት በኋላ በ1915 ያንኑ ሥዕል እንደ ገና አንሥቶ ከዋናው በሚበልጥ ሸራ ላይ ሠራው፤ በዚህ ጊዜ ግን ገበታውን በቀጥታ መስመርና በሰፋፊ የቀለም ሜዳ ከፋፍሎ የራሱ አደረገው። በወጣትነቱ ደንቡን ገለበጠ፤ ጐልማሳ ሲሆን የደንቡን ምክንያት አወቀ። በመካከሉ ያለፉት 22 ዓመታት የሥራ ዓመታት ናቸው።

ስለ ገንዘብና ስለ ብቸኝነት

ሸራ፣ ቀለምና ብሩሽ ውድ ዕቃዎች ስለ ሆኑ ከተማሪው ምግብ ጋራ ይሻማሉ። በተማሪዎች ምግብ ቤት በርካሽ ይበላል፤ የተበላሸውን ሸራ ፍቆ በላዩ እንደ ገና ይሥላል፤ የከሰል ማጥፊያ ሲያልቅበት የጥንት ሠዓሊዎች እንዳደረጉት ለስላሳ የዳቦ ፍርፋሪ ይጠቀማል። የውጭ አገር ተማሪ በፈረንሳይ ሕግ በዓመት እስከ 964 ሰዓት ድረስ ተቀጥሮ ሊሠራ ይችላል። ዳሩ ግን በክረምት የቀን ብርሃን 8 ሰዓት ብቻ መሆኑን ያስታወሰ አንባቢ፣ በቀን የሚሠራ ቅጥር ከሥዕሉ ላይ ምን እንደሚወስድበት ይረዳል። ሞዴል ለመቅጠር ገንዘብ ያጣ ሰው የራሱን ፊት በመስታወት እያየ ይሥላል። ቫን ጎግ ከ1886 እስከ 1888 በፓሪስ በቆየበት ጊዜ ከ20 የሚበልጡ የራሱን ሥዕሎች የሠራው አንዱ ምክንያት ይኸው ድህነቱ ነበረ።

በሞንፓርናስ ሰፈር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተከፈተው ግራንድ ሾሚየር የሚባለው አካዳሚ ለድኾች ተማሪዎች ባለውለታ ነው። በዚያ ፈተናም ምስክር ወረቀትም ሳይጠየቅ፣ ለአንድ ጊዜ የሚሆን ክፍያ ብቻ ሰጥቶ ገብቶ ሞዴል መሣል ይቻላል። ቀራጺው ጃኮሜቲ ከ1922 ጀምሮ የተማረው እዚሁ ነው።

ብቸኝነትን በተመለከተ የሥዕል ተማሪ ከሌላው ተማሪ አንድ የሚሻልበት ነገር አለ፤ ደብተሩ ከእጁ አይለይም። በባቡር ውስጥ፣ በቡና ቤት፣ በአትክልት ቦታ ሰው እየሣለ ስለሚቀመጥ ቋንቋው ገና ሳይጠራለት የሚያነጋግረው ሰው ያገኛል። የሚከፋበት ግን «ከአፍሪካ የመጣህ ሆነህ ሳለ ለምን ጭምብል አትሥልም?» ሲባል ነው። ያገሩ ቅርስ የብራናና የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል መሆኑን ለማስረዳት ተማሪው በመጀመሪያ ራሱ ሊያውቀው ይገባል። ከመሄዱ በፊት ያገሩን ሥዕል ሳያጠና የሄደ ልጅ በዚያች ሰዓት ያፍራል።

ያገራችን ሠዓሊዎች ምን ይዘው ተመለሱ?

በ1920ዎቹ ዓመታት አገኘሁ እንግዳ ወደ ፓሪስ ተልከው ሥዕል ከተማሩ ወዲህ በኤውሮፓ የተማሩ ሠዓሊዎች ጥቂት አይደሉም፤ ከ1974 አብዮት በኋላም ብዙዎች ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደው ተምረዋል። ከነዚህ ሁሉ ሦስቱን ብቻ እንጥቀስ።

አፈወርቅ ተክሌ በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበረ፤ ዝንባሌያቸው ወደ ሥዕል ስለ ሆነ ግን በለንደን ስሌድ በሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ባለቀለም የመስታወት ሥዕል የርሳቸው ሥራ ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከ1957 እስከ 1961 በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምረው ሲመለሱ፣ የሰውና የዕቃ መልክ የማይታይበትን ረቂቅ ሥዕል ይዘው መጡ፤ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም አስተማሩ። «ይህ የኢትዮጵያ ሥዕል አይደለም» እየተባሉ ተነቅፈዋል። እስክንድር ቦጎሲያን ከ1957 እስከ 1966 በፓሪስ ሲኖሩ ከላይ በጠቀስነው በግራንድ ሾሚየር ተምረዋል፣ አስተምረዋልም። በዚያው በፓሪስ ሳሉ የአፍሪካን ጥበብና የዘመኑን የኤውሮፓ ሥዕል አጠኑ፤ በሥራቸው ውስጥ ግን ያገራችን የክታብ ሥዕሎች ዓይንና ጥልሰም ይታያል።

ሦስቱም ኤውሮፓ ተምረዋል፤ የአንዱ ሥራ ግን ከሌላው ጋራ አይምታታም። የኤውሮፓ ትምህርት ሁሉን ባንድ ቅርጽ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይለያዩም ነበር። እያንዳንዱ የተማረውን ደንብ ምክንያቱን መርምሮ፣ ለራሱ የሚሆነውን ወስዶ፣ የቀረውን እዚያው ትቶ መጥቷል ማለት ነው።

መደምደሚያ

እንግዲህ «ምን ተምረህ መጣህ?» ለሚለው ጥያቄ የሥዕል ተማሪው መልስ ይህ ይመስለናል፤ ብርሃንን በሰዓት መከፋፈል፣ የሚታየውን ከሚታሰበው መለየት፣ ከገለበጡ በኋላ የገለበጡትን ነገር ምክንያት መጠየቅ፣ ይህንንም ሳያቋርጡ በየቀኑ ማድረግ ነው። ይህን ልማድ ሳያገኝ የኤውሮፓን የአሣሣል ዘዴ ብቻ ይዞ የተመለሰ ሰው ግን ወጪው የባከነ ነው፤ ዘዴውንማ ከታተመ መጽሐፍ ላይ ማየት ይቻል ነበር።

ከዚህ ልማድ አብዛኛው ደግሞ ባሕር ሳይሻገሩ የሚጀመር ነው። በስድስት ኪሎ በሚገኘው በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ የቆዩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አሉ። አንድ ተማሪ በሳምንት አንድ ጧት ደብተርና እርሳስ ይዞ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ ከነዚህ ባንዱ ፊት ቢቀመጥና የሠዓሊውን መስመር ቢከተል፣ «ይህ ፊት ለምን ወደዚህ ዞረ? ይህ ቀይ ለምን ከዚህ ቢጫ አጠገብ ሆነ?» እያለ ቢጠይቅ፣ ትምህርቱን ጀምሯል። መምህራኖቻችንም ለዚህ የሚሆን ሰዓት በትምህርቱ ፕሮግራም ውስጥ ቢያስገቡ፣ ነገ ወደ ውጭ አገር የሚላከው ልጅ ባዶ እጁን አይሄድም፤ የሚሰጠውንም መርምሮ የሚቀበል ይሆናል።